እናቴ የተፈተነችበት ክረምት

አባቴ እናቴን መፈተን የጀመረው ሐምሌ አጋማሽ ላይ ነው። ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከሦስተኛ ወደ አራተኛ ክፍል አልፌ፣ ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ብሎኝ፣ ከእናቴ የስፌት መኪና ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ ስለቅም እውል ነበር። የምንኖረው ቀራንዮ፣ ከመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ወደ ታች ሲወረድ፣ ጋሽ ፈቀደ የሚባሉ ሽማግሌ ከሚያከራዩአቸው ክፍሎች በአንዱ ነው። ክረምት የዩኒፎርም ሰሞን ስለሆነ ቤታችን ከአልጋው እስከ ደጃፉ ሰማያዊ በሰማያዊ ሆኖ ነበር። እናቴ ጤናዬ ለሰፈሩ ልጆች ሁሉ ቀሚስና ሱሪ ትሰፋለች፤ ለእኔ ግን ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ፣ ከተራረፈው።

አባቴ ዳባ የአንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበር። ዝምተኛ ሰው ነው። እንደ ሰፈራችን ውሃ ቃልም ከአፉ የሚወጣው በፈረቃ ነው። መፈተን በጀመረበት ቀን አመሻሽ ላይ አየር ጤና ካለ ፎቶ ኮፒ ቤት ያስጠረዘውን ወፍራም መጽሐፍ በፌስታል ጠቅልሎ መጣ። ጃኬቱን ሰቀለ፤ ወንበሩን ሳበና ከስፌት መኪናው ፊት ለፊት ተቀመጠ፤ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ስድስት ሠራተኞች አንድን አጥር በአሥር ቀን ሠርተው ይጨርሳሉ» ብሎ አነበበ፤ ቸርች ውስጥ መጽሐፍ ቅዱስ ሲያነብ በሚያወጣው ድምፅ። «ሠራተኞቹ አራት ቢሆኑ በስንት ቀን ይጨርሱታል?»

እናቴ እግሯን ከመርገጫው ሳታነሳ «በአሥራ አምስት» አለች።

«እንዴት አወቅሽ?»

«ስድስት ሰው አሥር ቀን ከሠራ ሥራው የስልሳ ቀን ነው ማለት ነው። ስልሳውን ለአራት አካፍለው።»

አባቴ መጽሐፉን ወደ መጨረሻው ገጽ ገለበጠ፤ ጣቱን ከላይ ወደ ታች እያስኬደ አንድ ነገር ፈለገ። ሲያገኘው ፊቱ ጠቆረ። መልሷ ልክ ነበር።

እኔ ይህን ሁሉ የማየው ከጠረጴዛው ሥር ሆኜ ነው። የእኛ መምህር ልክ ስንመልስ «አጨብጭቡላት!» ይላል። አባቴ ግን እናቴ ልክ በመለሰች ቁጥር ይከፋዋል። በማግስቱም እንደዚያው፣ በሦስተኛው ቀንም እንደዚያው። ከሥራ ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ይጠይቃል። እሷ ትመልሳለች። «እንዴት አወቅሽ?» ይላታል፤ አንድ ነገር የሰረቀች ይመስል። አንዳንዴም ይከራከራሉ።

«ሁሉም ጸሐፊዎች ታይፕ ማድረግ ይችላሉ። አልማዝ ታይፕ ማድረግ ትችላለች። ስለዚህ አልማዝ ጸሐፊ ናት?»

«አይታወቅም» አለች እናቴ፣ ክሩን በጥርሷ በጥሳ።

«እንዴት አይታወቅም? ትችላለች ብሎሻል እኮ!»

«ተማሪ ሁሉ ሰማያዊ ይለብሳል እንበል። ሰማያዊ የለበሰ ሁሉ ተማሪ ነው? ጋሽ ፈቀደም ሰማያዊ ካፖርት አላቸው። አራተኛ ክፍል ናቸው?»

እኔ ከጠረጴዛው ሥር በሳቅ ሞትኩ። አባቴ ግን አልሳቀም። ወደ መጨረሻው ገጽ ሄደ፣ አየ፣ ግንባሩን አሸ። እናቴን በጣም ፈራሁላት። ሰው ሚስቱን ያለ ምክንያት እንደማይመረምር ይገባኛል፤ ምርመራው ደግሞ መጨረሻ እንዳለውም አውቄአለሁ።

ያወቅሁት ከእትዬ የኔነሽ ነው። እትዬ የኔነሽ ግቢያችን ውስጥ ከኛ ሦስተኛው ክፍል ትኖር የነበረች ሴት ናት። በሰኔ ባሏ ከእሷ ጋር ተጣልቶ ወደ ቤተሰቦቿ ሰደዳት። ልብሷን በሁለት ማዳበሪያ ጠቅጥቃ፣ አንዱን በራሷ ተሸክማ፣ ዝናብ ላይ ስትወጣ ሁላችንም በየደጃፋችን ቆመን አይተናል። እናቴ እስከ ታክሲው ድረስ ሸኝታት ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ እናት የምትባል ሰው ከቤቷ ልትሄድ እንደምትችል አላውቅም ነበር።

ከዚያ ደግሞ አንድ ቀን እናቴና ጎረቤታችን እትዬ ሳያት ቧንቧው ጋ ቆመው ሲያወሩ ሰማሁ። ጀሪካናቸው እስኪሞላ ነው የሚያወሩት፤ እኔ ደግሞ የልብስ ማስጫው ላይ ከተሰጣው አንሶላ ጀርባ ነበርኩ።

«ፈተናው ካልታለፈ ምን ልታደርጉ ነው?» አለች እትዬ ሳያት።

«ምን ይደረጋል፣ አምቦ መግባት ነው እንጂ። የእናቴ ቤት መቼም በሩን አይዘጋብኝም።»

«ዳባስ ምን አለ?»

«ቁርጡን ነግሮኛል። ካልታለፈ እዚህ ቤት መቆየት የለም።»

አምቦ የእናቴ ቤተሰቦች አገር ነው። ስለዚህ ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ፤ እናቴ ፈተናውን ከወደቀች አባቴ ልብሷን በማዳበሪያ አስይዞ ወደ አምቦ ይሰዳታል። እኔን ማን ይዞኝ እንደሚቀር እንኳ ማሰብ አልቻልኩም።

እውነቱን ያወቅሁት አምና ነው። እኔም በተራዬ ለአንድ ባንክ ፈተና ልቀመጥ፣ ከቴሌግራም ያወረድኩትን ጥያቄ ከስልኬ ላይ ጮክ ብዬ ሳነብ፣ እናቴ ኩሽና ሽንኩርት እየከተፈች መልሱን ወረወረችልኝ። ሁለተኛ አነበብኩ፤ እሱንም መለሰች። ሦስተኛው እኔ እንኳ ያልገባኝ ነበር፤ እሱንም መለሰች።

«እማዬ፣ ይሄን ሁሉ ከየት አመጣሽው?»

ቢላዋዋን አስቀምጣ አፍጥጣ አየችኝ። «አባትሽን ማን ያሳለፈው መሰለሽ?»

ለካ ተፈታኙ አባቴ ኖሯል። መሥሪያ ቤቱ አዲስ ድልድል አውጥቶ፣ አሥራ አራት ዓመት የሠራው ሰው የተቀመጠባትን ወንበር እንደ አዲስ ተወዳድረህ አግኛት ተብሏል። ያላለፈ ይሰናበታል። አባቴ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሰው ሂሳብን እየሸሸ ነው፤ እናቴ ደግሞ እኔን አርግዛ ከአሥራ አንደኛ ስታቋርጥ በሂሳብ ከክፍሏ አንደኛ ነበረች። «ልጅቷ ፊት ግን ተማሪ እንዳታደርጊኝ» ብሎ ለመናት። እሷም ዘዴ አወጣች፤ አንተ ጠይቀኝ፣ እኔ ልመልስ፣ ያልገባህን ‹እንዴት አወቅሽ› በለኝ አለችው። ፊቱ የሚጠቁረው እሷ ልክ ስለመለሰች አልነበረም፤ በሆዱ የያዘው መልስ ስህተት ሆኖበት ነው። አምቦ የምንገባውም ሦስታችንም ነበርን፤ ያለ ደመወዙ የቤት ኪራይ አይታሰብም።

ይህን ያኔ የነገረኝ ሰው ቢኖር ስንት ለቅሶ በቀረልኝ። ማንም አልነገረኝም። ስለዚህ እናቴን ላድናት ተነሳሁ።

እሑድ ከቸርች እንደተመለስን አባቴ ጋደም አለ፤ እናቴ ጎረቤት ሄደች። መጽሐፉ ጠረጴዛው ላይ ነበር። መጨረሻው ገጽ ላይ ቁጥርና ፊደል ብቻ ተደርድሯል፤ አንድ ሐ፣ ሁለት ሀ፣ ሦስት መ። አባቴ ልክና ስህተቱን የሚያውቀው ከዚህ መሆኑን ካወቅሁ ቆይቻለሁ። እናቴ ይህን ብታገኝ አንድም አትስትም። ገጹን ቀስ አድርጌ ቀደድኩት። አባቴ ተገላበጠ፤ እኔ ትንፋሼን ዋጥኩ፤ እሱ ማንኮራፋቱን ቀጠለ። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፌ፣ እናቴ መርፌና ቁልፍ የምታስቀምጥበት የስፌት መኪናው መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። እኔ መሆኔን አልነግራትም፤ ጌታ የላከላት እንዲመስላት ነው የፈለግሁት።

ሰኞ አመሻሽ ላይ አባቴ መጽሐፉን ከፈተ፤ ወደ መጨረሻው ሄደ። ከዚያ ወደ ፊት ተመለሰ፤ እንደገና ወደ መጨረሻው ሄደ።

«ጤናዬ! የመልሱ ገጽ የለም!»

ፍራሹን አነሳ። የአልጋውን ሥር፣ የጃኬቱን ኪስ፣ የተቆለለውን ዩኒፎርም ሁሉ በረበረ። «ተቀዷል እኮ! ይኸው ጠርዙ! ማን ይቀደዋል? አንቺ ነሽ? ቅዳሜ ነው እኮ ፈተናው! አምስት ቀን ቀርቶ!» ከአባቴ አፍ በአንድ ጊዜ ያን ያህል ቃል ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ በልቤ፣ አየህ፣ እንዳታልፍ ፈልገህ ነበር፣ አልኩት። ግን የጃኬቱን ኪስ ለሁለተኛ ጊዜ ሲበረብር አየሁና በመሃል አዘንኩለት። ለምን እንዳዘንኩለት አላውቅም።

እናቴ «ተረጋጋ እስቲ» እያለች ቁልፍ ልታወጣ መሳቢያውን ሳበች። ቆመች። ወረቀቱን አየች፤ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። እኔ ኮርኒሱን ማየት ጀመርኩ። መሳቢያውን ቀስ አድርጋ ገፋችው።

«አለ?» አለ አባቴ።

«የለም» አለች እናቴ። «ኢሊሊ፣ ነይ ኩሽና አግዢኝ።»

ኩሽናው ከጀርባ ነው። እንደገባን በሩን ዘጋች፤ እኔም ሳልጠየቅ አለቀስኩ።

«ለምን ቀደድሽው የኔ ልጅ?»

«እንድታልፊ ነዋ።»

«እኔ?»

«ካላለፍሽ አባዬ አምቦ ሊሰድሽ አይደል! ለእትዬ ሳያት ስትነግሪያት ሰምቻለሁ። እንደ እትዬ የኔነሽ በማዳበሪያ…»

እናቴ የከሰሉ ማዳበሪያ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። መጀመሪያ ሳቀች፤ አፏን በነጠላዋ አፍና፣ ትከሻዋ እስኪርገፈገፍ። ከዚያ ጎትታ አቀፈችኝና ሳቋ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ፤ ጸጉሬ በእንባዋ ረጠበ። በዚያች ሰዓት እውነቱን ብትነግረኝ ኖሮ ሁሉም ነገር እዚያው ያበቃ ነበር። ግን የባሏ ምስጢር ነው፤ ቃሏንም ሰጥታዋለች።

«ስሚኝ» አለች ፊቴን እየጠረገች። «አባትሽ እኔን የትም አይሰደኝም።»

«ከወደቅሽስ?»

ትንሽ አሰበች። «አልወድቅም። መልስ አይቼም አይደለም የማልፈው። መልስ እያዩ መሥራት ኩረጃ ነው። ወረቀቱ እኔ ጋ ይቆይ፤ አንቺም ለአባትሽ ትንፍሽ እንዳትዪ።»

«ማይ ጎድ በይ» አልኳት፤ ያኔ የሰፈራችን ልጆች መሐላ እሱ ነበር።

«ጌታን በከንቱ አልጠራም» አለችና ግንባሬን ሳመችኝ።

ገጹን አልመለሰችለትም። አምና ስትነግረኝ፣ አባትሽ ጥያቄውን አንብቦ ሳይጨርስ ነበር መልሱ ጋ የሚሮጠው፤ ጭንቅላቱን የሚያሠራው አልነበረም፤ ወረቀቱ ሲጠፋ ጊዜ ነው ማሰብ የጀመረው አለችኝ። «ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ አምስት ቀን ሙሉ ዋሸሁት» አለች፤ የተጸጸተ ሰው ፊት ግን አልነበራትም።

ያን ዕለት ማታ ራት ከመቅረቡ በፊት ከኩሽና ተመልሳ መጽሐፉን ከአባቴ እጅ ወሰደች። «ዛሬ እኔ ልጠይቅ» አለች። አባቴ ወደ እኔ አየ፤ ከዚያ ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋ። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። እናቴ ፈታኙን ልትፈትነው ነው!

ስለ ንብ እርባታ የተጻፈ አንድ ገጽ ጽሑፍ አነበበችለት። «በጽሑፉ መሠረት የማር ዋና ጥቅም ምንድን ነው?»

«ለጉሮሮ ጥሩ ነው» አለ አባቴ።

«የቱ ጋ ተጽፏል?»

«እንዴ፣ ማንም ያውቀዋል እኮ!»

«ማንም የሚያውቀውን አልጠየቁህም። የተጻፈውን ነው የጠየቁህ።» ጽሑፉን እንደገና አነበበችለት። አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። ጽሑፉ የሚያወራው ለካ ስለ ገበሬው ተጨማሪ ገቢ ነበር፤ ጉሮሮ የሚባል ነገር አልነበረበትም።

ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ እንዲሁ አለፉ። አባቴ አሁን በጣቱ ይቆጥራል፣ እናቴ ጨርቅ በምታሰምርበት ጠመኔ ካርቶን ላይ ይጽፋል፣ ይሰርዛል። አንዴ እናቴ አንድ ከባድ ጥያቄ አንብባ ስትጨርስ ካርቶኑ ላይ ጽፎ፣ ሰርዞ «አይታወቅም» አለ።

«እንዴት አወቅህ?»

«እዚህ ላይ ‹አንዳንዶቹ› ነው ያለው። ሁሉም አላለም።»

እናቴ መጽሐፉን ዘግታ አየችው። አባቴ ፈገግ አለ። እኔም ሳላስበው አጨበጨብኩ፤ ለማን እንዳጨበጨብኩ ግን እርግጠኛ አልነበርኩም።

ቅዳሜ ማለዳ እናቴ ሦስት እርሳስ በምላጭ ቀረጸች። አባቴ የሠርጉን ቡናማ ሱፍ ለበሰ፤ እናቴ የቸርች ቀሚሷን። በሩ ላይ ተያይዘው ቆመው ጸለዩ። ፈተናው ያለው መሃል ከተማ ነው፤ ከአየር ጤና ታክሲ ይዘው አብረው ሄዱ። እኔን ለእትዬ ሳያት ሰጡኝ። እናቴ ልትፈተን፣ አባቴ ሊጠብቃት ሄዱ ብዬ አመንኩ። የሆነው ግን የተገላቢጦሽ ነው። አባቴ አዳራሽ ሲገባ እናቴ ውጪ፣ ከጥበቃው ማማ አጠገብ፣ ጃንጥላ ዘርግታ ሁለት ሰዓት ተኩል ዝናብ ላይ ቆማለች። ሲመለሱ የቸርች ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነበር።

«እንዴት ነበር?» አልኳት ሮጬ።

«ከባድ ነበር» አለች። ይኼኛው ውሸት አልነበረም።

ከዚያ መጠበቅ መጣ። የአዲስ ዓመት ዋዜማ እናቴ ከቁም ሳጥኑ ላይ ሻንጣውን ስታወርድ አየሁና ሮጬ ላዩ ላይ ተቀመጥኩ። ተነሺ ብትለኝ እምቢ አልኩ፤ ብትጎትተኝም አልነሳም አልኩ። ለካ ውስጡ ያለውን የበዓል መጋረጃ ልታወጣ ነው። መጋረጃው ተሰቅሎ እስካይ ድረስ አላመንኳትም።

ውጤቱ የመጣው ለመስቀል ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ትምህርት ተጀምሯል፤ እኔ ከሰዓት ከትምህርት ቤት ተመልሼ የቤት ሥራዬን እሠራ ነበር። አባቴ ከሌላው ቀን ቀድሞ መጣ። አልገባም። በጭቃ ጫማው በሩ ላይ ቆመ።

«አለፍን» አለ።

የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ። እናቴ «ጌታ ይመስገን» አለች። የምትሰፋውን ጨርቅ አንስታ ፊቷን ሸፈነችበት። እኔ ከዚያ በላይ አልጠበቅሁም። በአባቴ ጎን ሾልኬ ወጣሁና ግቢውን በጩኸት አደባለቅሁት።

«እማዬ አለፈች! እማዬ ፈተናውን አለፈች!»

እትዬ ሳያት እጇ እስከ ክርኗ የሳሙና አረፋ እንደሆነ ወጥታ እልል አለች። ጋሽ ፈቀደ ከዘራቸውን ይዘው ብቅ አሉ። ቧንቧው ጋ የተሰለፉት ሁሉ ዞር አሉ።

«ማናት ያለፈችው?» አሉ ጋሽ ፈቀደ።

«እማዬ!»

«ጤናዬ? የምን ፈተና ነው ደግሞ ጤናዬ የምትፈተነው?»

ከተሰለፉት አንዱ «የስፌት ይሆናላ» አለና ጥቂቶቹ ሳቁ። እኔ አባቴ እንዲመሰክርልኝ ዞር አልኩ። ከኋላዬ ወጥቶ ቆሟል። እትዬ ሳያት እውነቱን ታውቃለች፤ ምስጢሩ እንዳያመልጣት አቀረቀረች።

ያቺን ቅጽበት አሁን ደጋግሜ አስባታለሁ። ያን ክረምት ሙሉ ተማሪ እንዳይባል ተደብቆ የከረመ ሰው ነው። «ኧረ ልጅ ናት፣ ያለፍኩት እኔ ነኝ» ቢል ውሸት አይሆንም ነበር። ወንዶቹም ትከሻውን መታ መታ አድርገው እንኳን ደስ አለህ ይሉት ነበር፤ ነገሩ እዚያው ይዘጋ ነበር።

«የእኔ መሥሪያ ቤት ፈተና ነው ጋሼ» አለ አባቴ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው የተናገረው። «ሃምሳ ጥያቄ ነው። አርባ አንዱን የመለሰችው እሷ ናት። ዘጠኙን የሳትኩት እኔ ነኝ።»

እናቴ ጨርቁን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ሰምታዋለች። እኔ ግን የሰማሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዘጠኝ። ደሜ ፈላ።

«አባዬ! ታዲያ ዘጠኙንስ ለምን ለእሷ አልተውክላትም?»

ጋሽ ፈቀደ ቀድመው ሳቁ፤ ሳቃቸው ወደ ሳል እስኪለወጥ። ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። አባቴ ከሁሉ በላይ ሳቀ፤ እንባው እስኪወርድ። ዘጠኝ ዓመቴ ቢሆንም ብድግ አድርጎ ትከሻው ላይ አወጣኝ።

«እውነትሽን ነው» አለ። «ልተውላት ይገባ ነበር።»

«ኧረ ዳባ፣ ወገብህን! አውርዳት!» አለች እናቴ።

አልወርድም አልኩ። ከዚያ ላይ ሆኜ እሷን አየኋት። ቤቷ በር ላይ ቆማ ትስቃለች፤ የትም አትሄድም።